የተላጠው የፓምፕ ሻፍት

ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነው ዱከም፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እሱ ብረት በሚጠርበው ማሽን፣ በቶርኖ ላይ ይሠራ ነበር፤ እኔ ደግሞ የብረት ዱቄት በነበልባል እያቀለጥኩ በተበላ ብረት ላይ እረጭ ነበር። ከተጋባን በኋላ አዳማ ላይ የራሳችንን ወርክሾፕ ከፈትን። ሻፍት የሚባለው የማሽን መዞሪያ ዘንግ የተበላበትን ቦታ እኔ ረጭቼ እሞላዋለሁ፤ እሱ ጠርቦ ወደ ልኩ ይመልሰዋል።

አንድ ጊዜ መቂ አካባቢ ሽንኩርት የሚያመርቱ ሽማግሌ የውኃ ፓምፕ ሻፍት አመጡልን። ሠርተን ሰጠናቸው። ብዙም ሳይቆዩ ይዘውት ተመለሱ። የረጨሁት ብረት እየተላጠ ተነሥቷል። ሰውየው አልተቆጡም። «አካም ጂርቱ» ብለው ሰላምታቸውን በወጉ ካደረሱ በኋላ ሽንኩርቱ ውኃ አጥቶ መጠውለግ መጀመሩን ነገሩን። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ባለቤቴ ጥፋቱ የዱቄቱ ነው አለ። እኔ አላመንኩም፤ በዚያው ዱቄት የሠራሁት ሌላ ሥራ አልተላጠም። ነገሩ አጨቃጨቀንና ምሳ እንኳ ለየብቻ በላን።

ከሰዓት በኋላ ቁርጥራጭ ብረት ሰብስቤ መሞከር ጀመርኩ። መርጫውን ራቅ አድርጌ ስይዘው ዱቄቱ መንገድ ላይ ይበርድና ሽፋኑ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። በጣም ሳስጠጋው ደግሞ ሙቀቱ ይበዛና ይሰነጠቃል። መሐከሉን ስይዝ መልኩ አማረልኝ፤ በመሮ ስመታው ግን እሱም ተነሣ።

ባለቤቴ ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ፣ «በሩ ነው» አለ።

«በሩ ምን ሆነ?»

«ንፋሱ በቀጥታ ብረቱ ላይ ይመጣል። ታሞቂዋለሽ፣ ሳትረጪው ይቀዘቅዛል።»

ለጭሱ ብለን በሩን ከፍተን ነበር የምንሠራው፤ የአዳማ ንፋስ ደግሞ እረፍት የለውም። ባለቤቴ በሩና እኔ በምረጭበት ቦታ መካከል ቆርቆሮ አቆመ። አንዱን ቁራጭ ዘይት እንዳይነካው አጽድቶ፣ የምረጨው እንዲይዝ ገጹን አሻከረልኝ። በደንብ አሙቄ፣ ርቀቱን ሳልለውጥ ረጨሁት። በመሮ ቢመታ፣ ቢመታ አልላጥ አለ። ያኔ ሁለታችንም ሳቅን፤ ጠቡም በዚያው ቀረ።

የሽማግሌውን ሻፍት እንደዚያው ሠርተን መቂ ድረስ ይዘን ሄድን። ፓምፑ ተነሥቶ ውኃው ቦዩን ይዞ ሲወርድ፣ ሰውየው ጫማቸውን አውልቀው እየተከተሉት ሄዱ።

ከወራት በኋላ የጎረቤታቸውን ሻፍት ይዘው መጡ። አገላብጬ ሳየው ውስጡ ድረስ ተሰንጥቋል።

«የእኔን አድነሽው የለም ወይ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«የእርስዎ የተበላ ነበር፣ አባባ። ይኼ ተሰንጥቋል። ብረጨው መልኩ ያምራል እንጂ መሰበሩ አይቀርም።»

ቅር አላቸው። ሌላ ቦታ እንደሚያሠሩት ነግረውን ወጡ። ባለቤቴ ሻፍቱን ውጭ እስከቆመው ባጃጅ ድረስ ተሸከመላቸው።