ሉቃስ በሆላንድኛ

የቤተ ክርስቲያናችን መሪጌታ፣ ሆላንድ ውስጥ ላክ በሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን ከተደበቁ ሦስተኛ ወራቸው ነበር። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ውድቅ ሆኗል፤ ፖሊስ ካገኛቸው ወደ አገር ቤት ይመልሳቸዋል። ወንጌልን እዚህ ለተወለዱት ልጆች በሆላንድኛ ካላነበብኩ በማለታቸው ደግሞ ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተጣልተዋል። እናቴ ጓዳችን ውስጥ አስገባቻቸው፤ እኔ ጸሐፊያቸው ሆንኩ። እሳቸው ከግዕዙ በአማርኛ ይነግሩኛል፣ እኔ በሆላንድኛ እጽፋለሁ።

«ይኼ የዩኒቨርሲቲ ቃል ነው» ይሉኛል። «ልጆቹ ትራም ላይ ሲያወሩ እንዴት ነው የሚሉት?»

አንድ ነገር ላይ ግን አይደራደሩም፤ የእግዚአብሔር ስም እንደ ብራናው በቀይ ቀለም ይጻፋል።

አንድ ቅዳሜ፣ እናቴ ራይስዋይክ ከተማ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ላይ ሳለች፣ በሩ ተንኳኳ። የእናቴ ጓደኛ፣ የጉባኤው አባል የሆኑት እማማ ናቸው፤ ሳይደውሉ ነው የመጡት። መሪጌታ ጓዳ ገቡ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ተውኳቸው፤ በሆላንድኛ ስለሆኑ የትምህርት ሥራ ይመስላሉ ብዬ።

እማማ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የ... የትምህርት ነው።»

«ዩኒቨርሲቲው የእግዜርን ስም በቀይ ማስጻፍ ጀመረ በይኛ!»

እማማ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«በይ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ ግን፤ እኔ ከጽዳት ሥራ የተማርኩት ሆላንድኛ ባልዲና መወልወያ ብቻ ነው።»

አነበብኩ። የጠፋው ልጅ ሲመለስ አባቱ ከሩቅ አይቶት ወደሮጠበት ቦታ ስደርስ፣ እማማ እጃቸውን አነሡ።

«ይብቃሽ። ይኼማ ለእኔም ገባኝ።»

ኮታቸውን ለበሱ። ከመውጣታቸው በፊት ወደ ጓዳው በር ዞረው፣ «ጉባኤው እዚህ መሆንዎን አያውቅም። እኔም አላውቅም» አሉ።

እማማ እንደወጡ መሪጌታ ቦርሳቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«እሳቸው እኮ አይናገሩም» አልኩ።

«አውቃለሁ። ግን ነገ ቢጠየቁ በእኔ ምክንያት መዋሸት የለባቸውም።»

ሮተርዳም ላሉ አንድ ወዳጃቸው ደወልንና ወዲያው ወጣን። ባቡሩ ውስጥ፣ «ራቅ ብለሽ ተቀመጪ፤ ከያዙኝ አታውቂኝም» አሉኝ። አራት ወንበር ርቄ ተቀመጥኩ።

ዴልፍት ጣቢያ ላይ የትኬት ተቆጣጣሪ ገባች። መሪጌታ የጉዞ ካርዳቸውን ዘረጉላት። አየችው፣ ፊታቸውንም አየች፣ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ፈጥና ስለተናገረች አልገባቸውም። ደግማ ጠየቀቻቸው፤ አሁን ጮክ ብላ። ሰው ሁሉ ዞረ።

እንደማላውቃቸው ለመምሰል ስልኬን አወጣሁ፤ መልሼ ከተትኩት። ተነሣሁና ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባቴ ነው» አልኳት በሆላንድኛ። «ምን ፈልገሽ ነው?»

የሚወርዱበትን ጣቢያ ነበር የጠየቀቻቸው። ነገርኳት፤ ካርዱን መለሰችና አለፈች።

«አታውቂኝም ብዬሽ ነበር» አሉኝ መሪጌታ ቀስ ብለው፤ ከዚያ እስክንወርድ ድረስ ፊታቸውን ከመስኮቱ አላዞሩም።