የዚያ ሁዳዴ ክክ

ሳሙና እያሻችሁ አረፋው እምቢ ብሏችሁ ያውቃል? ብታሹት ብታሹት፣ ጣታችሁ መሐል የሚቀረው እንደ ረጋ ወተት ያለ ነጭ ዝቃጭ ብቻ ነው። ዛሬ ከትምህርት ቤት ተመልሼ፣ ደብረ ታቦር በተከራየሁት ቤት ግቢ የጠመኔ እጄን ስታጠብ እንዲሁ ሆነብኝ። ውኃው የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ነበረው። በዚያ ሽታ የወንድሜ ሚስት ትዝ አለችኝ።

መጀመሪያ ግን ስለ ውኃው ላስረዳ። ጉና ተራራ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ነበር። ዝናቡ በዚያ ድንጋይ ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሲሰርግ ካልሲየምና ማግኒዥየም የተባሉ ማዕድናትን እያሟሟ ይወስዳል። ከጥልቅ ጉድጓድ ሲወጣ ታዲያ ለዓይን የጠራ ነው፤ ማዕድኑ አይታይም። ይህን ጠንካራ ውኃ እንለዋለን። ሳሙና አያረፋበትም፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ሌላም ጣጣ አለው፤ ጥራጥሬ አይበስልበትም። ማዕድኑ እህሉን እንዳይፈርስ አድርጎ ይይዘዋል። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ የሚያውቅ አልነበረም።

ጉና ግርጌ ባለው የትውልድ ሠፈሬ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያ ጥር ሁለት ነገር ወደ ግቢያችን ገባ፤ ከጥልቅ ጉድጓድ ለሠፈሩ የተዘረጋው ቧንቧና የወንድሜ ሚስት። እናቴ በሁለቱም ኮራች። ቁልቁል ምንጭ መውረድ ቀረ፤ ምድጃውንም ለምራቷ አስረከበች። ሙሽራዋ ከይፋግ የመጣች፣ ሥራ ላይ ስትሆን የምታንጎራጉር ልጅ ነበረች። እኔን "የኔ ሸጋ" ነበር የምትለኝ። ገና የሙሽርነቷ ወግ ሳያልቅ ሁዳዴ ገባ፣ ዕለት ዕለት ክክ ሆነ።

ክኩን በጠዋት ትጥደዋለች። ድስቱ ሲንተከተክ ይውላል፤ ጭሱ ዓይኗን እስኪያቀላው ድረስ እሳቱን ታራግባለች። እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ክኩ እንደተጣደ ቅርጹን ይዞ፣ ቢጫ ውኃ ውስጥ ይዋኛል። እናቴ በማንኪያ አውጥታ ስትነክሰው "ቀጭ" ሲል ከደጅ ይሰማኝ ነበር።

"ይህ ክክ ነው ጠጠር? ጥርሴን ልታስወልቂኝ ነው?"

"እንጨቱ ይሆን እንዴ፣ እማማ? ትንሽ ይታገሡኝ።"

"እንጨቱማ የኔው እንጨት ነው፤ ስንት ዘመን አብስዬበታለሁ። የእናትሽ ቤት ጥሬ ነው እንዴ የሚበላው?"

የሙሽራዋ ነጠላም ታጥቦ ታጥቦ አመድ መሰለ። እናቴ ያንንም ከስንፍናዋ ቆጠረችው። ወንድሜ የቀረበለትን ይበላ ነበር። አንድ ቀን እንግዳ በተቀመጠበት ሰሃኑን ገፋ አደረገና፣ "ሰው ፊት አታዋርጂኝ" አላት። ከዚያ ወዲያ ስታንጎራጉር አልሰማኋትም።

"ጎረቤት ልጠይቅልሽ?" አልኳት።

"ተዪኝ፣ የኔ ሸጋ። ክክ ማብሰል የማታውቅ ሙሽራ ልባል?" እጇን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከሳሙናው ዝቃጭ የተነሣ ተሰነጣጥቆ ነበር። "እናቴ ቤት እኮ ይበስልልኝ ነበር። እጄን ምን ነካው?"

የሆሣዕና ሰሞን እናቴ፣ "ለፋሲካ ወላጆችሽን ጠይቂ እንጂ" አለቻት። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ትንሽ ጓዟን በዚያ አመዳም ነጠላ ቋጥራ ሚኒባስ ላይ ወጣች። ወንድሜ ሊመልሳት አልሄደም።

ግንቦት ላይ ጎረቤታችን የነበሩ አዛውንት ዐረፉ። የሠፈሩ ሴቶች ለልቅሶው ንፍሮ ጣዱ። ውኃው ከእኛው ቧንቧ ተቀዳ። ስንዴው ፈነዳ፣ ሽምብራው ግን እምቢ አለ። ሴቶቹ በየተራ እየቀመሱ እሳቱን ቆሰቆሱ። በመጨረሻ አንዷ መቻል አቃታት።

"ኧረ እኔ ቤትም እንዲህ ነው!"

"ያንቺም? እኔ እኮ ባሌ እንዳያውቅብኝ ለክክ የምቀዳው ከወንዝ ነው።"

"እኔማ ልጄን ስረግማት ከረምኩ፣ አፌን ይቁረጠው!"

ልቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ለካ እያንዳንዷ ሙያዋ የጠፋ መስሏት፣ በየጓዳዋ ደብቃ ነው የከረመችው። ከሁሉም መሐል ያልሳቀችው እናቴ ብቻ ነበረች። ማማሰያዋን ይዛ ድስቱ ላይ እንዳቀረቀረች ቀረች።

አስታራቂ ሽማግሌዎች ወደ ይፋግ ተላኩ። "ውኃው ነው፣ ልጂቱ ምንም የለባትም" ብለው አስረዱ። ሰምታቸው አለቀሰች እንጂ አልተመለሰችም። "ምድጃ ፊት ስቀመጥ እጄን አላምነውም" አለች አሉ። ወንድሜ እስከ ዛሬ ብቻውን ነው። እናቴም ስሟን አንሥታ አታውቅም። ቧንቧው ያንኑ ውኃ ያወርዳል።

እኔ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ይህን ትምህርት ሳስተምር ልጆቹ በደብተራቸው ይጽፋሉ፣ በፈተናም ይመልሳሉ። ውኃውን ቀድሞ አፍልቶ እንዲጠልል መተውና ከላዩ መቅዳት ብዙ ጊዜ እንደሚያለዝበው እነግራቸዋለሁ። ይህችን ያህል ነገር ነበረች የጎደለችን።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ክረምት ሲገባ ንጹሕ የዝናብ ውኃ ያዙ። አንድ እፍኝ ክክ ለሁለት ክፈሉና አንዱን በዝናቡ፣ ሌላውን በቧንቧው ውኃ፣ በእኩል እሳት ጣዱ። ቤታችሁ አዲስ ምራት ካለች ደግሞ የቧንቧውን ድስት እሷ አትጣደው፤ እናንተ ጣዱት።