የአባት ስም መገጣጠም

ዳኛዋ ሰው አትጠላም ይሏታል፤ ውሸት ነው። አንድ ሰው ትጠላለች፣ እሱንም አሳምራ ነው የምትጠላው። ችሎት ላይ ግን አይታወቅባትም። ተከራካሪ ሲጮህ አትጮህም፣ ምስክር ሲያለቅስ ፊቷ አይለወጥም፣ ብይን ስታነብም ድምጿ ከፍም ዝቅም አይልም። ጠበቆች የሚፈሯት በሌላ ነገር ነው። ገና በር ከፍተው ሲገቡ ዓይኗ ፊታቸውን ትቶ ደረታቸው ላይ ያርፋል። እዚያ ኮቱ ላይ ትንሽ የነሐስ ሚዛን የሰካ ሰው ከትልቁ የሕግ ትምህርት ቤት የወጣ ነው። ምልክቷን በምርቃት ቀን ይሰጡታል፣ እሱም ዕድሜ ልኩን ከኮት ወደ ኮት እያዛወረ ይኖራል። ሚዛኗ ያለችው ሰው በር ሲያንኳኳ "ግባ" ይባላል። የሌለችው ግን "ከየት ነው የተመረቅኸው?" ይባላል፣ መልሱ ሳይሰማም በሩ ይዘጋል።

ዳኛዋ ሚዛኗ የላትም። ልታገኛት ትችል ነበር፤ ነገሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በልጅነቷ ትልቁ ትምህርት ቤት የሚያስገባውን ፈተና አልፋ ነበር። ሰፈርተኛው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ብሏት ሻንጣዋን አዘጋጅታ ሳለ፣ ልብስ ሰፊው አባቷ አንድ ቀን በስፌት መኪናው ላይ እንደተደፋ ቀረ። እናቷ ከሐዘኑ በኋላ ጠርታ አስቀመጠቻትና፣ አንቺ ታላቅ ነሽ፣ ታላቅ ይታገሣል አለቻት። ታገሠች። ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። ትልቁ ትምህርት ቤት ደግሞ ለማንም ቦታ አያቆይም። በተከታዩ ዓመት ታናሽ ወንድሟ ያንኑ ፈተና ሲያልፍ፣ ሻንጣዋን ለእሱ ሰጠችው። ደመወዟም መጽሐፍ ሆነለት፣ የማደሪያ ኪራይ ሆነለት፣ ጫማ ሆነለት። ሲመረቅ የለበሰውን ኮት እንኳ በአባታቸው መኪና ላይ የሰፋችለት እሷ ናት። እጅጌው ትንሽ ረዝሞ ነበር፤ ታድጋለህ ብላ አሾፈችበት።

እሷስ? እሷ ማታ ማታ ተማረች። ትምህርት ቤቱ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት በላይ ያሉ ጥቂት ክፍሎች ነበር። ታች ያሉት አናጢዎች መጋዙን ሲያስነሡ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። መምህሩም ጠመኔውን እንደያዙ ዝም ብለው ይጠብቃሉ፣ መጋዙ ሲቆምም አንቀጹን ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። አንድም ቀን ተናደው ክፍል ጥለው አልወጡም። ተማሪው ወደ ቤቱ የሚሄደው ፀጉሩ ላይ ብናኝ ይዞ ነው። ባለሚዛኖቹ ይህን ሰምተው "መጋዞቹ" የሚል ስም አወጡላቸው። እንግዲህ ሕጉ ያው ሕግ ነው፣ አንቀጹም በትልቁ ትምህርት ቤት ሲነበብና ከመጋዝ በላይ ሲነበብ አይለያይም። ይህን ግን ለማን ታስረዳለህ?

ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ወንድሟ በከተማው አንደኛ በሚባለው የጥብቅና ቢሮ ተቀጥሮ ነበር። እዚያው ማመልከቻ አስገባች። ስትነግረው በርቺ አላት። እንዲለምንላት አልፈለገችም፤ ውጤቷ ከክፍሏ አንደኛ ነው፣ በራሷ እግር እንደምትገባ ተማምናለች። የቃለ መጠይቁ ቀን ከጠረጴዛው ማዶ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ጠበቋት። መሃል ላይ የቢሮው ባለቤት፣ ሁሉም አንጋፋው የሚሉት ሽማግሌ ጠበቃ አለ። በግራው የአስተዳደር ኃላፊዋ፣ በቀኙ ደግሞ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጎረምሳ፣ ወንድሟ፣ ያቺን እጅጌዋ የረዘመች ኮት ለብሶ፣ ሚዛኗን ደረቱ ላይ ሰክቶ።

አንጋፋው ወረቀቷን አየና ከዚያ ከመጋዝ ቤት ነሽ እንዴ ብሎ ሳቀ። ኃላፊዋም አብራ ሳቀች። ከዚያ ሽማግሌው ስሟን ደግሞ አነበበና ወደ ቀኙ ዞረ።

"የአባት ስማችሁ አንድ ነው። ትዛመዳላችሁ?"

እሷ ፈገግ ብላ ወንድሟን ጠበቀችው። እሱ ካቀረቀረበት ወረቀት ቀና አላለም።

"የአባት ስም መገጣጠም ነው" አለ።

አፏን ብትከፍት ኖሮ በዚያች ደቂቃ ታዋርደው ነበር። ግን የእናታቸው የቤት ኪራይ ያን ጊዜ ከእሱ ደመወዝ ነበር የሚከፈለው፣ እሷም ታላቅ ናት። ታላቅ ይታገሣል። የቀሩትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መለሰች፣ አመስግና ወጣች። እኔ ብሆን ጠረጴዛውን እገለብጠው ነበር። በሳምንቱ ቢሮው ከትልቁ ትምህርት ቤት ውጪ እንደማይቀበል ተነገራት። ወንድሟ ደግሞ እሑድ እናታቸው ቤት ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣና፣ ምሳውን እየበላ "እትዬ፣ ሥራው እንዴት ሆነልሽ?" አላት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። እናትየው ምን አጣላችሁ እያለች ብትለማመጥም አንዳቸውም አልነገሯት። ዳኛዋ ሰው ወንድም እህት አለሽ ወይ ሲላት የለኝም ትላለች። እሱም በቢሮው ለእናቴ አንድ ነኝ እያለ እንደሚኖር ከሰው ሰምታለች። በዚህ እንኳ ተመሳሰሉ።

ሌሎቹም የጥብቅና ቢሮዎች እንደ አንደኛው ነበሩ፤ ሚዛኗን አይተው ይከፍታሉ፣ ካላዩ ይዘጋሉ። ትምህርት ቤት ያልጠየቃት የዳኝነት ፈተና ብቻ ነው፤ የመልስ ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍበትም። አለፈች። የደረሳት ግን ባለሚዛኖቹ አንሄድም ያሉት የጠረፍ ችሎት ነበር፣ ጣሪያው ሲዘንብ የሚያፈስ፣ ዳኛው ራሱ መስኮት የሚዘጋበት። ከአንዱ ጠረፍ ወደ ሌላው ስትዛወር ጥቁር ፀጉሯ ሸበተ። ወንድሟ በዚያው ዘመን የቢሮው ባለድርሻ ሆነ፣ ኮቱም ልኩ ሆነ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሷም ያቺን ዓረፍተ ነገር አልረሳቻትም። ቀኗ ሲደርስ እንደነበረች ልትመልስለት ከነቃሏ ይዛታለች።

ቀኗ ደረሰች። ወደ ዋናው ከተማ ተዛውራ፣ ሦስት ዳኞች በሚሰየሙበት ችሎት የግራ ዳኛ ሆነች። በአንድ ዓርብ የሰኞውን መዝገብ ስታገላብጥ፣ ሁለት ነጋዴዎች በመጋዘን የሚካሰሱበት ነው፣ ከውክልናው ግርጌ የወንድሟን ስም አየች። ሕጉ ግልጽ ነው፦ በመዝገቡ ላይ ዘመድ ያለው ዳኛ ለሰብሳቢው ዳኛ አሳውቆ ይነሣል። ሰብሳቢው ደግሞ ግድግዳ ብቻ የሚለያቸው የቢሮ ጎረቤቷ ነው፣ ደግ ቀልደኛ ሽማግሌ። ብትነግረው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፣ ማንም ሳይሰማ። መዝገቡን ዘግታ ቤቷ ሄደች። ሰኞ ጠዋት ካባዋን ለሠርግ እንደሚዘጋጅ ሰው ደጋግማ ተኮሰችው።

እንዲህ አስባ ነበር። ሰብሳቢው ችሎት ሲከፈት ከዳኞቹ ጋር ዝምድና እንዳለ ሁልጊዜ ይጠይቃል። ወንድሟ እንደለመደው ከካደ፣ ፍርድ ቤት ዋሽቷልና ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ካልካደ ደግሞ በአለቃው በአንጋፋው ዘንድ ይዋረዳል። ከዚያ ተራው ወደ እሷ ሲዞር ያቺን ዓረፍተ ነገር ትመልስለታለች፣ እህቴ ናት ብሎ የቀጠፈ ጠበቃ ሆኖ ይውጣ። ውሸቱ የኋላ ኋላ እንደሚታወቅባት አልጠፋትም። ይታወቅ አለች።

በሩ ተከፍቶ ሲገቡ ዓይኗ እንደ ልማዷ ደረት ላይ አረፈ። ሚዛኗ አለች። ከጎኑ አንጋፋው፣ አሁን አርጅቶ በምርኩዝ፣ ነጋዴው ትልቅ ደንበኛው ስለሆነ ራሱ መጥቷል። ወንድሟ ቀና ሲል አያት። እግሩ ቆመ፤ ከኋላው ያለው ሰው ገፋ አድርጎት አለፈ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ሰብሳቢው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ዝቅ አድርጎ የጠበቆቹን ስም አነበበ። ከዚያም ፈገግ አለ።

"ጠበቃ፣ የአባት ስምዎ ከግራ ዳኛችን ጋር አንድ ነው። ትዛመዳላችሁ?"

ጥያቄው ያው የድሮው ነበር። ወንድሟ አንጋፋውን በዓይኑ ጫፍ አየ። የሆነ ነገር አጉተመተመ።

"ጸሐፊዋ አልሰማችም" አለች ዳኛዋ። "ከፍ አድርገው ይድገሙት።"

"ታላቅ እህቴ ናቸው" አለ።

የጸሐፊዋ ጣቶች መዘገቡት። አንጋፋው ምርኩዙን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ባልደረባው ዞረና ለእናቴ አንድ ነኝ ስትለኝ አልነበረም ወይ አለው፣ ጆሮው ስለደከመ ጮክ ብሎ። አዳራሹ ሰማ። አንዱ ሳቀ። ወንድሟ መቀመጫውን በእጁ እየዳበሰ ፈለገ፣ ግን አልተቀመጠም።

ሰብሳቢው ወደ እሷ ዘንበል አለ። "እውነት ነው?"

ያቺ ዓረፍተ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ወንድሟ ዓይኗን ሲያይ ምን ልትል እንደሆነ ገባው። ቃሏን ከእሱ በቀር ማን ያውቃታል? እሷም አላዘነችለትም። ዝምታውን አስረዘመችበት፣ ጠረፍ ለጠረፍ ስትንከራተት የሸበተችውን ያህል ይርዘምበት ብላ። ምሕረት አልነበረም ያስቆማት። ድንገት ትዝ ያሏት ጠመኔ ይዘው መጋዙ እስኪቆም የሚጠብቁት መምህር ናቸው። ይህቺ ዳኛ ዋሸች ሲባል "ከየት ነው የተመረቀችው?" ተብሎ ይጠየቃል፣ መልሱንም ሰምተው ድሮም ይሉና ይሥቃሉ። ያን ሳቅ ደግማ አትሰማም።

"እውነት ነው" አለች። "ወንድሜ ነው። ከዚህ መዝገብ እነሣለሁ።"

ለእሱ ያጠመደችው ወጥመድ እሷንም ወንድሜ የሚለውን ቃል ያስተፋታል ብላ አላሰበችም ነበር። ካባዋን ሰብስባ በኋላ በር ወጣች።

ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ተከትሏት ሮጠ፣ አንጋፋውን ጥሎ። ደረጃው አጠገብ ደረሰባት። ፊቱ አመድ መስሏል፣ እጁን ዘርግቷል።

"እትዬ፣ እግዜር ይስጥሽ። ልትክጂኝ ነው ብዬ ነበር እኮ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው፤ እሱ ከመጋዝ ቤት ብሎ ሲሥቅ..."

ኮቱን አየችው። እጅጌው በትክክል ልኩ ነው፣ ሌላ ሰው የሰፋው።

"እዚያ ውስጥ የተናገርኩት ለፍርድ ቤቱ ነው" አለችው። "ላንተ ግን የአባት ስም መገጣጠም ነው።"

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ደረጃውን መውረድ ጀመረች፣ መደገፊያውን ይዛ። እትዬ ብሎ አንድ ጊዜ ደግሞ ቢጠራት ምን እንደምታደርግ እሷም አታውቀውም ነበር። አልጠራትም።