ሞዴሉ ሲለወጥ

የአንድ ሰው ዕድሜ ሚዛን ላይ ቢወጣ ስንት ይመዝናል? እንደ መዛኙ ነው። የአምቦውን የፊዚክስ መምህር ኦቦ ሌታን ግን ከራሱ ዕድሜ ይልቅ የኒውትሪኖ ክብደት ያሳስበው ነበር፤ ሰውንም ተራራንም ሰንጥቆ የሚያልፈው፣ ከደቃቅ የደቀቀው ነገር።

በ1975 ዓ.ም. አንድ አሮጌ መጽሔት አነበበ። ሊቃውንቱ ይህን ትንሽ ነገር የሚመዝኑት በዓለም ነው ይላል። ዓለሙ በሙሉ ይህን ያህል ይከብዳል ብለው ይነሣሉ፤ የሚታየውን ይቀንሳሉ፤ የተረፈውን ለኒውትሪኖዎች ያካፍላሉ። ሞዴል የሚሉት ይህ መነሻ ግምት ሲለወጥ የእያንዳንዱም ድርሻ ይለወጣል። ሰውንም የምንመዝነው እንዲሁ አይደል? ልኩን ቀድመን ቆርጠን፣ ጉድለቱን እሱ ላይ እንጥላለን።

ሌታ «ይህን ሳልናገርማ ሞቼ እገኛለሁ!» አለ። ለመምህራን የቅዳሜ ውይይት አስፈቅዶ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «ሞዴሉ ሲለወጥ ክብደቱም ይለወጣል»።

የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ደብሪቱ አነበበችው። እሷ የምታውቀው ሞዴል ሁለት ነው፤ ዕቃ የሚገባበት ቅጽ ሞዴል 19 እና የሚወጣበት ሞዴል 22። የትምህርት ቤቱ እርሻ ስንዴ ደግሞ በእጇ ነው።

«አንተ ሌታ! ምን በደልኩህ? እኔ ነኝ ሞዴል የምለውጠው?»

«ኧረ ደብሪቱ፣ የዓለሙን ሞዴል ነው!»

«ዓለሙማ ሰምቶ ጨረሰ!»

እውነቷን ነው፤ ስንዴ ጎደለ የሚለው ወሬ ጎረቤት ከተማ ጊንጪ ድረስ ደርሷል። ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ወሬውን ሰምቶ የመጣው ኦዲተር ጓድ ጉርሙም ፊት ወንበር ላይ ጉብ ብሏል።

«ኒውትሪኖ በየትኛውም ግድግዳ ይገባል፣ ይወጣል» ሲል ሌታ ጀመረ። «የሚያየው የለም።»

ጓድ ጉርሙ ብድግ አለ። «ዘበኛው እያለ?»

«ዘበኛውንም ሰንጥቆ ያልፋል።»

ዘበኛው ከበሩ ላይ «ያ ዋቅ! ያምላክ ያለህ! እኔን ማንም አልነካኝም!» ብሎ ጮኸ።

«ክብደቱስ?»

«እሱ እንደ ሞዴሉ ነው፣ ጓድ።»

ደብሪቱ እሪ አለች። ንግግሩ እዚያው ላይ ተቋረጠ፤ መጋዘኑ ታሸገ። ስንዴው ሲመዘን አንዲት ቁና አልጎደለችም። ደብሪቱ ስሟ ታደሰ፤ ሌታ ግን «ጋሽ ሞዴል» ተብሎ ቀረ። በየስብሰባው «ልዩ ልዩ» የሚባለው አጀንዳ ሲደርስ እጁን ያወጣል፤ ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል።

በ1982 ጡረታ ሲወጣ ጋቢ አለበሱትና «እስቲ ይመርቁን» አሉት።

«ምርቃቱ ይቆይ» አለ ሌታ። «የሚታየውን መቀነሱ ላይ ልደርስ ስል ነው ያቋረጣችሁኝ። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ስጡኝ፤ ልጨርሰው።»

«ኧረ እሱን እንኳ ይተዉት፣ ጋሽ ሞዴል!» አሉት፤ አጨበጨቡለትም።