ሞርሳውን ይሸከም

ልጅ ሳለሁ የሰማኋቸው ተረቶች ሁሉ እስከ ዛሬ ናፍጣ ናፍጣ ይሸቱኛል። ተረት ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ከሰበታ ወደ ተጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቤታችን አጥር ቀጥሎ የነበረው የኦቦ ለሚ የቆርቆሮ ዛኒጋባ ነው። መሬቱ በዘይት የጠቆረ ነበር፤ ግድግዳው ሥር አሮጌ ሞርሳዎች እንደ ሸንጎ ሽማግሌ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ሞርሳ ሥራ ቤት ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ በሁለት መንጋጋው ብረት ነክሶ የሚይዝ ከባድ መሣሪያ ነው። ኦቦ ለሚ ፋብሪካ ውስጥ በጥገና ሠራተኛነት አርጅተው ጡረታ ሲወጡ፣ ሰው የጣላቸውን ሞርሳዎች እየፈለጉ ማዳን ጀመሩ። አንዱን ቡራዩ ከፈረሰ ወፍጮ ቤት፣ አንዱን ሱሉልታ ከተዘጋ ጋራዥ አመጡ። አንዱን ደግሞ ጫንጮ አንዲት ሴት ነፋስ በሯን እንዳይዘጋባት ድጋፍ አድርጋው አግኝተው፣ በምትኩ ጥሩ ድንጋይ ፈልገው ሰጥተዋት ነው የወሰዱት።

ያኔ ጀምበር ስታዘቀዝቅ አምስት ስድስት ልጆች እዚያ እንሰበሰብ ነበር። ኦቦ ለሚ ሦስት ቀን ናፍጣ ውስጥ የተዘፈዘፈውን ሞርሳ ያወጡና አልላቀቅ ያለውን ብሎን ፍም ላይ ያሞቁታል፤ ናፍጣው ሲጨስ ዓይናችን ያለቅሳል። ከዚያ በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን፣ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅሱ ሁሉ፣ ቀስ እያሉ ይነካኩታል። መብራት ሲሄድ ፋኖስ ይሰቅላሉ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ሲፍቁት ከሥሩ የፈረንጅ ፊደል ብቅ ይላል፤ ፊደሉን በፋኖሱ ብርሃን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ ልጅ ስለነበርኩ የማነበው በሹክሹክታ ነው። «ይቺ ልጅ ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር ትግባባለች» ይላሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ተረቱን «ዱሪ ዱሪ» ብለው በኦሮምኛ፣ ድሮ ድሮ ማለታቸው ነው፣ ይጀምሩና በአማርኛ ይቀጥላሉ። እሳቸው ዘንድ አንድ ደንብ ነበር። ተረት ያለ ተቀባይ አይሄድም። ከመካከላችን አንዱ ተቀባይ ይሆንና ተራኪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር «ከዚያስ?» ይላል። ተቀባዩ «ከዚያስ?» እስካለ ድረስ ተራኪው ማቆም አይችልም፤ ተቀባዩ ዝም ካለ ደግሞ ተረቱ የደረሰበት ላይ ይቀራል፣ ቢለምኗቸውም አይቀጥሉም። ተቀባይዋ እኔ ነበርኩ። ለምን እኔን እንደመረጡ አልነገሩኝም። ምናልባት ከዚያች ቃል ሌላ ስለማልናገር ይሆናል።

በኦቦ ለሚ ስብስብ ውስጥ ግን አንድ ሞርሳ ጎድሎ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ የት እንዳለ ያውቃል። ፋብሪካው የድሮ ዕቃውን ለሠራተኞቹ ሲያከፋፍል፣ ኦቦ ለሚ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩበት ትልቁ ሞርሳ ለእሳቸው ተብሎ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ሳምንት ታመው ተኙ። አብሯቸው ይሠራ የነበረው ጋሽ አስፋው ሄዶ «ለሚ ልኮኝ ነው» ብሎ ሞርሳውን ተረከበ፤ ወስዶም አስፋልት ዳር የበርና የመስኮት ብየዳ ቤት ሲከፍት ደጁ ላይ ተከለው። እናቴ ይህን ብታነብ ትቆጣለች እንጂ እሱን አንቱ አልለውም። ኦቦ ለሚ ከሕመማቸው ተነስተው ሲጠይቁት «ብረት ብረት ነው፣ ለሚ፤ ሌላ ፈልግ» አላቸው፣ ሠራተኞቹ ፊት።

እሳቸው ሌላ ፈለጉ። ያ ሁሉ ሞርሳ ግድግዳው ሥር የተደረደረው በዚያች ቃል መሆኑን የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። በተረቱ በኩል ግን ያኔም ይገባን ነበር። መንጋጋ ሳይኖረው ስለተወለደ አንድ ጅብ ያወሩልን ነበር። ጅቡ አንድ አንጥረኛ ታሞ ሲተኛ ወደ ቤቱ ይሄድና «እሱ ልኮኝ ነው» ብሎ የብረት መንጋጋውን ይወስዳል። ጅቡ ቡናማ የቆዳ ኮፍያ ያደርጋል። በሰበታ ቡናማ የቆዳ ኮፍያ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ኦቦ ለሚ በየምሽቱ ለጅቡ አዲስ ቅጣት ያዘጋጃሉ፤ አንድ ቀን ሠርግ ቤት ሥጋ ሲቀርብለት መንጋጋው ይቆለፍበታል፣ ሌላ ቀን ውሃ ሊጠጣ ሲጎነበስ መንጋጋው ወንዝ ውስጥ ይወድቅበታል፣ ዓሣዎቹም ይስቁበታል። እኛ ተረቱን ይዘን ወደ ትምህርት ቤት እንሄዳለን፣ ልጆቹ ወደ ቤታቸው፣ ቤቶቹ ወደ ገበያ። ዓመት ሳይሞላ በር ሊያሠራ የሚመጣ ደንበኛ «ጋሽ አስፋው፣ መንጋጋው እንዴት አደረ?» ማለት ጀመረ።

እኔም የራሴ ቂም ነበረኝ። አሥር ዓመት ሲሆነኝ እናቴ የምድጃችን እግር ተሰብሮ አስበይጂ ብላ ጋሽ አስፋው ዘንድ ላከችኝ። ደጁ ላይ ቆሜ ተናገርኩ፣ አልሰማኝም፤ ወይም ሰምቶኛል። «ጮክ በይ» አለኝ። ደገምኩት። «ጮክ በይ እንጂ፣ ድምፅሽን አባትሽ ሸጦታል እንዴ?» አለና ሠራተኞቹን ጠራቸው። «ኑ፣ ድምፅ የሌላት ልጅ ኑና ስሙ።» አምስት ጊዜ «ምድጃ ነው» አስባለኝ፣ መንገደኛው እየቆመ እያየ፣ እሱ ሞርሳውን ተደግፎ እየሳቀ። በመጨረሻ በየደልኝ፤ «ለድምፅሽ ብዬ ነው» አለኝ። ሴት ልጁ ቤዛ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነበረች፤ በሩ ላይ ቆማ አይታለች። በማግስቱ ለማንም አልተናገረችም፣ ያም ሆኖ ይቅር አላልኳትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጅቡ በተቀጣ ቁጥር ከሁሉም ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ጋሽ አስፋው ራሱ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሆነው መጡ፤ የሚናገሩት ታላቃቸው ኦቦ ደበላ ነበሩ። እኛ ልጆቹ ከዛኒጋባው ጀርባ ሆነን እናዳምጣለን።

«ለሚ፣ ሰውዬው በድያለሁ ብሏል» አሉ ኦቦ ደበላ። «ሞርሳህን ይመልሳል። እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅህ ይቆማል፣ አንተ ታነሳለታለህ፣ ያልቃል።»

ኦቦ ለሚ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ድንጋይ ምን አደረገኝ?» አሉ። «ሞርሳውን ይሸከም።»

«አርባ ኪሎ ይሆናል እኮ፣ ሰውዬ።»

«ሲወስደው መቼ ከበደው?»

በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ከአስፋልቱ ጀምሮ ሞርሳውን ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ በሁለት እጁ ደግፎ፣ ኮፍያውን አውልቆ። ሽማግሌዎቹ ከፊት ነበሩ፣ የገበያው ሰው ግማሽ ያህሉ ከኋላ። ቤዛም ከሰው መሀል ነበረች። ደጁ ላይ ደርሶ አጎነበሰ። በደንቡ ተበዳዩ ወዲያው ወጥቶ ሸክሙን ያነሳለታል፤ ጎንበስ ብሎ ቀና እንደማለት ያህል ነው፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ኦቦ ለሚ በርጩማቸውን ይዘው ወጡና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። «ኑ ልጆች፣ ቁጭ በሉ» አሉን። ተቀመጥን።

«ዱሪ ዱሪ» ብለው ጀመሩ።

«ለሚ፣ ምን እያደረግክ ነው?» አሉ ኦቦ ደበላ።

«ተረት ነው፣ ደበላ። አጭር ነው።»

አጭር አልነበረም። ከጅቡ እናት ጀመሩ፣ እንዴት እንደጸነሰችው፣ ምን እንዳማራት። እኔ «ከዚያስ?» አልኩ። ሰዉ ሳቀ። ጅቡ ተወለደ፣ አደገ፣ መንጋጋ የለውም ብለው እኩዮቹ ሳቁበት። ከዚያስ? ጋሽ አስፋው መጀመሪያ ራሱም ፈገግ ለማለት ሞክሮ ነበር። ከዚያ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ አቧራው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፤ ጠብታዎቹ አቧራው ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ሲያበጁ አያለሁ። ተረቱ ጅቡን አንጥረኛው ቤት ሲያደርስ፣ ሞርሳው ጋሽ አስፋው ማጅራት ላይ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ጀመረ። ሳቁ ቀነሰ። ቀጥሎ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች አንገታቸውን ደፉ። ቤዛ ከሰው መሀል ወጥታ ከአባቷ ክርን ሥር ገባች፤ በትከሻዋ ሞርሳውን ከታች ደገፈችው፤ ፊቷ ወደ እኔ ነበር።

ኦቦ ለሚ ትንፋሽ ወሰዱ። ይሄኛው ትንፋሽ ከሌላው ጊዜ ረዘመ። ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። ያኔ አልገባኝም ብዬ ብዋሽ ማንም አያጋልጠኝም፤ ግን ገብቶኛል። ደክሟቸው ነበር። በገዛ ደንባቸው ተይዘው ዝም እንድል እየለመኑኝ ነበር።

«በቃሽ» አለችኝ ቤዛ፣ ቀስ ብላ።

«ከዚያስ?» አልኩ። ብየዳ ቤቱ ደጅ አምስት ጊዜ ሲያስደግመኝ ሊሰማው የፈለገውን ያህል ጮክ ብዬ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጮኬ አላውቅም። ከአጥሩ ውጭ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ኦቦ ለሚም አዩኝ፤ የማያውቁት ሰው እቤታቸው ውስጥ ተቀምጦ እንዳገኙ ዓይነት አስተያየት ነበር። ደንቡ የራሳቸው ነውና ቀጠሉ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ምን እንዳሉ አላስታውስም። ጋሽ አስፋው በአንድ ጉልበቱ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ተረባርበው ሞርሳውን አነሱለት።

«ይቅር ብያለሁ» አሉ ኦቦ ለሚ፣ መሬቱን እያዩ። በርጩማቸውን ይዘው ገቡ።

ሞርሳውን ፈቱት። ለዓመታት በመዶሻ ስለተደበደበ ብሎኑ ጎብጧል። አንዱ መንጋጋ ተሰንጥቆ በተራ ኤሌክትሮድ ተበይዷል፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት እንዲያ ሲበየድ ብየዳው ይይዝና አጠገቡ ያለው ብረት ይሰነጠቃል፣ እንደዚያው ሆኖ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሠሩት። ፍሙ ነበረ፣ ጭሱ ነበረ፣ ፋኖሱም ነበረ፤ ተረት ግን አልነበረም። ስንጠይቃቸው «ጅቡ ሞተ፣ ሂዱ አጥኑ» ይሉናል። እኔንም ፊደል አላስነበቡኝም፤ ያ ሞርሳ ፊደሉ ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ ቀሩ፤ በመጨረሻ እኔም መሄድ ተውኩ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ኦቦ ለሚ ሞቱ። ልጆቻቸው ስብስቡን ለቁራሌ ሊሰጡት ሲሉ ደርሼ ያን ትልቁን ሞርሳ ለመንኳቸው፤ ቡራዩ በተከራየሁት ክፍል መጻሕፍቴ መሀል ተቀምጧል። ግራሶ እቀባዋለሁ እንጂ ምንም አላስነክሰውም።

በቀል ባዶ እጅ ያስቀራል የሚሉ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ እውነት ይሆናል፣ እኔም በዚያ ቀን ተረቴን አጥቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ምሽት የቀረኝ ጸጸት ነው ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን ኦቦ ለሚን ሳስብ ነው የሚቆጨኝ፣ ጋሽ አስፋውን ሳስብ አይደለም። ባለፈው ዓመት ይህን በደንብ አረጋገጥኩ። እናቴን ጠይቄ ከሰበታ ወደ አየር ጤና በሚሄድ ጢም ብሎ በሞላ አውቶቡስ ስመለስ፣ አንድ ጎባጣ ሽማግሌ ከዘራ ይዞ ገባ። ማን እንደሆነ ሳላይ ተነሳሁ። «እዚህ ይቀመጡ» አልኩ፣ አፌ ልማዱን አድርጎ።

«ተባረኪ» አለ ሲቀመጥ። «የማን ልጅ ነሽ?»

ያኔ ነው ጋሽ አስፋው መሆኑን ያወቅኩት። የአባቴን ስም ብነግረው በቂ ነበር፤ በሰበታ ስንት ታደሰ አለ፣ ምርቃቱን ይዤ እወርድ ነበር። «ኦቦ ለሚ ደጅ የነበርኩት ነኝ» አልኩት፣ አጠገቡ ያሉት ተሳፋሪዎች ሁሉ እንዲሰሙ አድርጌ። «ተቀባይዋ።»

ብዙ አየኝ። «አወቅኩሽ» አለ። ከዚያ ወደ ረዳቱ ዞሮ «ወራጅ አለ» አለ፤ ቤት የለ፣ ቤተ ክርስቲያን የለ፣ ሜዳ መሀል ነበርን። ረዳቱ አቅፎ አወረደው። በመስኮቱ ሳይ ፀሐይ ላይ ቆሞ በየትኛው በኩል እንደሚሄድ ያስብ ነበር። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። መቀመጫው ገና ሙቅ ነበር፤ ተቀመጥኩበት።