አንድ ጉድጓድ፣ ሁለት ብልቃጥ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። ለንስሐ አባቴም ጾም በገባ ቁጥር ትንንሾቹን ኃጢአቶች እየዘረዘርኩ ይህን ግን ስዘልለው ኖሬአለሁ። አሁን ለአንተ የምነግርህ ስለምወድህ አይደለም፤ አላውቅህም። ልታዝንልኝ ከሆነ ደግሞ ማንበቡን ከዚሁ ላይ ተወው። የሚያዝንልኝ ሰው ያስጠላኛል።

ሥራዬ የወባ ትንኝ እጭ መሰብሰብ ነበር። ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ እየኖርኩ በየቀበሌው እዞራለሁ፤ ከረጋ ውኃ እጭ በጭልፋ ቀድቼ በብልቃጥ አደርጋለሁ፤ የቦታውን ስም ለጥፌ ወደ ላቦራቶሪ እልካለሁ። ላቦራቶሪው የየቦታው ትንኞች በዘረመል ምን ያህል እንደሚለያዩ ይመረምራል። ትንኝ ሁሉ አንድ አይደለችማ! አንዷ ግድግዳ ላይ የተረጨውን ኬሚካል ስትነካ ትሞታለች፤ ሌላዋ ከእናቷ በወረሰችው ነገር እዚያው ኬሚካሉ ላይ ተደላድላ ትውላለች። ለየትኛው መንደር የትኛው ኬሚካል እንደሚላክ የሚወሰነው በብልቃጡ ነው። ስለዚህ ከየመንደሩ፣ ያውም ከብዙ ኩሬ፣ ትንሽ ትንሽ መቅዳት ግዴታ ነው። ከአንድ ጉድጓድ ብቻ ከቀዳህ የሰበሰብከው የአንድ እናት ልጆችን ነው። ይህን ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነበርኩ። አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

አንዲት መንደር አለች፣ ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ። ስሟን አልጽፈውም፤ አንድ ጊዜ በውሸት ጽፌዋለሁ፣ ይበቃል። በዚያች መንደር እጭ የሞላው ከጠበሉ ወርዶ በሚቋጠረው ውኃ ላይ ነበር። ማንንም ሳልጠይቅ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ገብቼ ጭልፋዬን ነከርኩ። ሴቶቹ ጮኹ፤ ወንዶቹ ዱላ ይዘው ደረሱ፤ እየገፈተሩ አስወጡኝ። የደብሩ መሪጌታ ይሄይስ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ እስከ መንገዱ ተከትለውኝ መጡና እጄን ያዙኝ።

«አትቀየመን ልጄ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና። ሕዝቡን እኔ አናግረዋለሁ፤ ከታች ከሚወርደው ራሴ አስቀዳሃለሁ» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። እሑድ ግን አልሄድኩም። ታምሜ ነበር? አልታመምኩም። ወንዝ ሞልቶብኝ ነበር? ኧረ ምንም አልሞላም። ተናድጄ ነበር። እኔን፣ የተማርኩትን ሰው፣ ዱላ ይዘው ያባርሩኛል! ይበላቸው አልኩ። ቃሉ ይህ ነው፤ ይበላቸው ብያለሁ። ከተከራየሁበት ቤት ጓሮ ለጡብ ጭቃ የተቆፈረ፣ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ነበረ፤ የፍኖተ ሰላምን ብልቃጥ የሞላሁት ከእሱ ነው። ሁለተኛውንም ብልቃጥ ከዚያው ሞላሁት። የመንደሯን ስም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጽፌ ለጠፍኩበት። በኋላ እንደሰማሁት መሪጌታ ያን እሑድ ሕዝቡን አሳምነው ጠበሉ ጥግ ሲጠብቁኝ ውለዋል።

ውጤቱ መጣ። የሁለቱ ቦታ ትንኞች ልዩነት የላቸውም ተባለ። እንዴት ይኖራቸው? የአንድ ጉድጓድ እህትማማቾች ናቸው። የከተማዋን የሚገድለው ኬሚካል የበረሃዋንም ይገድላል ተብሎ ተፈረደ። አለቃዬ አመሰገነኝ፤ እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ከረጪዎቹ ጋር ወደ መንደሯ የወረድኩት እኔ ነኝ። ኬሚካሉ እንዳይሸፈን ለመስቀል ግድግዳ አትለቅልቁ ብዬ አስጠነቀቅሁ። መሪጌታም ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ አወጁልኝ። ልጃቸው የሻረግ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ቤቷን በማሳመር በመንደሩ የታወቀች ናት። ነጭ ኬሚካል የተዥጎረጎረበትን ግድግዳዋን እያየች፣ «ኧረ በመስቀል እንዲህ ሆኖ ይዋል? እንግዳ ምን ይለኛል?» አለችኝ እየሳቀች። ነፍስሽን ከወደድሽ እንዳትነኪው አልኳት።

መስቀል ካለፈ በኋላ ወባው መንደሩን አጋደመው። የሻረግ ሆዷ ውስጥ ካለው ልጇ ጋር ሞተች።

ለቅሶ ሄድኩ። አዎ፣ ለቅሶ ለመድረስ አላፈርኩም። ያስቀመጡኝ ያንኑ ግድግዳ አጠገብ ነበር። ከላይ እስከ ታች ነጩ ኬሚካል እንደተረጨ አለ፤ ጭቃ የሚባል አልነካውም፤ የጣት ምልክት እንኳ የለበትም። የመንደሩን በዓል ያደምቅ የነበረው ቤት እንደዚያ ተዥጎርጉሮ መስቀልን ውሏል። ከራሴ ትንሽ ከፍ ብሎ አንዲት የወባ ትንኝ ጅራቷን ሽቅብ ሰቅላ ኬሚካሉ ላይ ተቀምጣለች። በደንብ አየኋት። ከጓሮዬ ጉድጓድ እንዳልመጣች አወቅሁ።

በዚያች ሰዓት መናገር እችል ነበር። ምን አደረግሁ? መሥሪያ ቤቱ ርጭቱ ለምን እንዳልሠራ ሪፖርት ጻፍ አለኝ፤ ጻፍኩ። ነዋሪዎቹ የተነገራቸውን ትተው ግድግዳቸውን ስለለቀለቁ ነው ብዬ ጻፍኩ። እኔ፣ ግድግዳውን ያየሁት ሰው! ሪፖርቱ በቀበሌው ስብሰባ ተነበበባቸው። በኋላ ሌላ ሠራተኛ ሄዶ በደንቡ ቀዳ፤ የበረሃዋ ትንኝ ሌላ መሆኗ ታወቀ፤ ኬሚካሉ ተቀየረ፤ ለምን እንደተቀየረ ለመንደሩ የነገረ ግን የለም። ስለ እኔ ብልቃጥ የጠየቀም የለም፤ እኔም እፎይ አልኩ።

ባለፈው ወር ቡሬ መናኸሪያ ከመሪጌታ ጋር ተገናኘን። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። እንደ ዘመድ አቅፈው ሳሙኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«የሻረግ እኮ እጇ አያርፍም ነበር። ስብሰባው ላይ እንደተነበበው፣ ለመስቀል ብላ ትንሽ ሳትለቀልቅ አልቀረችም። የልጇንም ነፍስ አጠፋች። እግዜር ይቅር እንዲላት በየቀኑ እሰግድላታለሁ።»

እኔስ ምን አልኳቸው? ራሴን ነቀነቅሁ። «ምን ይደረግ መሪጌታ» አልኩ። አንድ ሽማግሌ ልጃቸው ባልሠራችው ኃጢአት በዚያ ጉልበታቸው ወድቀው ይነሣሉ፤ እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። ብልቃጡን ስሞላ ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም ልል እችል ይሆናል። መናኸሪያው ላይስ? ሁሉን አውቄ ነው የነቀነቅሁት።

ይቅር በሉኝ አልልም። መሪጌታ ደግ ናቸው፤ ብጠይቃቸው ይቅር ይሉኛል፤ ያንን ደግሞ ልሰርቃቸው አልፈልግም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና ብለውኝ ነበር። በመጪው እሑድ እወርዳለሁ። ዱላ የሚያነሣም ካለ ያንሣ። ሪፖርቴ በተነበበበት ሕዝብ ፊት ቆሜ የምናገረው ይህን ነው፦ ያንን ብልቃጥ ከእናንተ ውኃ አልቀዳሁትም። የሻረግ አልለቀለቀችም። ግድግዳዋን አይቼዋለሁ።