የአያ ካሳን ክራር ያስጣልኩ እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳን ጾም ገደፍኩ፣ ሰው አማሁ እያልኩ ይህቺን ዘልዬ ነው የምነሣው። ለእናንተ ግን ልናገር፤ ሽማግሌውን አያ ካሳን ክራራቸውን ያስጣልኳቸው እኔ ነኝ።

አስረኛ ክፍል ጨርሼ ሰቆጣ አንድ ሙዚቃ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ተቀጥሬ ነበር። አርፎ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ የማልነካካው ነገር የለም። ያን ሰሞን አንዲት ፕለጊን አገኘሁ፤ በድምፅ መቅረጫው ላይ የምትጫን ትንሽ ፕሮግራም ናት። ክሩ ሲመታ መጀመሪያ የሚሰማውን ኳ የሚል ድምፅ ታጠፋና ድምፁን ከምንም አንሥታ ቀስ እያለች ታጎላዋለች። ክራሩ በጣት የተመታ ሳይሆን ከሩቅ እየነፈሰ የሚመጣ ይመስላል። አበድኩላት!

አያ ካሳ ከጎረቤት ወረዳችን ከዝቋላ መጡ። ክራር መትተው በሲዲ ቤሩት ላለችው ልጃቸው ለለምለም ሊልኩላት ነው። አውራ ጣታቸው ክሩን ሲገጭ የጥፍራቸው ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። እኔ ጉድለት መሰለኝ። ሳልጠይቃቸው ጥፍራቸውን አጥፍቼ፣ ሁሉን ነፋስ አድርጌ ላክሁት።

ከወር በኋላ ለምለም ሱቁ ስልክ ላይ እያለቀሰች ደወለች። "ይሄ የአባቴ እጅ አይደለም! በሌላ ሰው አስመትታችሁ መርዶ ደብቃችሁኛል!" ምን ታድርግ? ሰው አገር ላለ ልጅ መርዶ መደበቅ ልማዳችን ነው። በገበያ ቀን አባቷን አገናኘናት።

"አለሁ እኮ! አንቺ ጅል፣ ሞቼ ቢሆን ማን ያወራሻል?" ብለው ሳቁባት። ስልኩን ሲዘጉ ግን ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ እጄን እንዴት ሳተችው? እስቲ አሰሚኝ።"

ያልተነካው ቅጂ እዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ ብጫን ይበቃ ነበር። እኔ ግን ያበላሸሁትን ከፈትኩላቸው። ለምን? አሠሪዬ አጠገቤ ስለቆመ ልበል? ሰበብ ነው። ሞያሽ ይህ ነው ወይ መባልን ፈራሁ። አልበቃኝ ብሎ "አያ፣ ጣትዎ ደክሟል" አልኳቸው። እኔ! በዚህ አፌ!

ጣታቸውን ገልብጠው አዩት። "ሰርግ ላይ እንድመታ ተጠርቼ ነበር። ከመዋረድ አዳንሽኝ፤ ተባረኪ" አሉኝ። በሳምንቱ ነጭ ማር ይዘውልኝ መጡ። በላሁት። ክራሩን ግን ከዚያ ወዲያ አልነኩትም።

ቀጥሎ ከዝቋላም ከሰሃላም ባለማሲንቆው፣ ባለዋሽንቱ ይመጣ ጀመር። "አያ ካሳ እውነት ከምትናገረዋ ልጅ ዘንድ ሂዱ ብሎን ነው" ይሉኛል። በእነሱ ላይ ሠርቼ ነው ሞያ ያወቅሁት። የሰው እጅ መስማትን የተማርኩት በእርሳቸው ምርቃት ነው። አያ ካሳ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህን ምስጋና ማንም አያስጥለኝም።

አሁን በሕይወት የሉም። አሥር ጊዜ በሱቁ በር ሲያልፉ ሰላም ብለውኛል፣ አሥር ጊዜ ዝም ብያለሁ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ፈራኋቸው እል ነበር። ብነግራቸው "አንቺ ጅል" ብለው ይስቁና በዚያው ቀን ክራራቸውን ከግድግዳ ያወርዱ ነበር። ዝም ያልኩት ይህን እያወቅሁ ነው።